የውሃ ንብ ቤት

ከማኪኒ ከተማ ወደ ሰሜን ሃያ ደቂቃ ያህል ተነድቶ በሚደረስበት መሬት ላይ የልጄ ባል የጀማል ኩሬ ሞልቶ ቤቱ ሊደርስ ሲል፣ ውሃውን ያወረድኩት እኔ ነኝ። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም፤ እውነት ስለሆነ ነው። ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደል የቆጠርኩት ከሱቅ ማስታወቂያ ነው። የውሃ ፓምፕ ፈትቼ የገጠምኩት ማንም ሳያሳየኝ ነው። እንግሊዝኛም ቢሆን እዚህ አገር ገብቼ፣ በስድሳ ስምንት ዓመቴ፣ ከቴሌቪዥን የአየር ትንበያ ተምሬዋለሁ። ስለ ደመና ከሆነ ከማንም ጋር አወራለሁ።

ያን ዓመት ብዙ ሰው ቤቱን ለባንክ እየተወ ይወጣ ስለነበር መሬት ረክሷል። ሜስኪት ከተማ ውስጥ በአፓርትመንት ስድስት ዓመት የኖረው ጀማል አሥር ኤከር መሬት፣ አንድ አሮጌ ቤትና አንድ ኩሬ አገኘ። ጀማል ትራክ ይነዳል፤ አራት ቀን መንገድ፣ ሦስት ቀን ቤት ነው። ስለዚህ ኩሬውን የምጠብቀው እኔ ነበርኩ፤ የሾመኝ ባይኖርም።

በመጋቢት ቢቨር መጣብን። ቢቨር ማለት መካከለኛ ውሻ የሚያህል፣ በጥርሱ ዛፍ ቆርጦ የሚጥል፣ ጭራው አካፋ የሚመስል የውሃ አውሬ ነው። ከኩሬው የሚወጣውን ትንሽ ጅረት በአኻያ ቅርንጫፍና በጭቃ ገደበው። ኩሬው ማበጥ ጀመረ። በአንድ በኩል የቤቱ ፍሳሽ ወደሚቀበርበት ሴፕቲክ ተጠጋ፤ በሌላ በኩል የጎረቤታችን የቢል ድርቆሽ ወደተከመረበት መጋዘን ሄደ። ቢል እንደ እኔ ሽማግሌ ነው፤ ከብት ያረባል።

ጠዋት ጠዋት ዶማና መንሽ ይዤ ወርጄ ግድቡን አፈርሳለሁ። ውሃው እየጮኸ ይወጣል፤ እኔም ደስ ብሎኝ ቁርሴን እበላለሁ። በማግስቱ ስወርድ ከትናንቱ የበለጠ ግድብ ቆሞ ይጠብቀኛል። እንዲህ እያልን አሥራ ሁለት ቀን ሆነን።

ቢል አጥሩ ላይ ተደግፎ ያየኛል፤ ቀስ ብሎ ስለሚናገር እንግሊዝኛው ይገባኛል።

«ስንት ለስንት ሆናችሁ?» አለኝ አንድ ቀን።

«አሥራ ሁለት ለባዶ።»

«ለማን?»

«ለጊዜው ለእሱ።»

ሳቀና ቀጠለ። «ውሃው እስከ ቅዳሜ ካልወረደ ወጥመድ የሚያጠምድ ሰው አመጣለሁ። ድርቆሼ ከበሰበሰ ከብቶቼን አንተ ቤት ነው የማበላቸው።» ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም። ድርቆሽ ያለው ሰው እንደዚያው ነው የሚናገረው።

ጀማል ከመንገድ ደወለ። «አባባ፣ ለምን ራስዎን ያደክማሉ? ሴፕቲኩ ከሞላ ትልቅ ፕሮብሌም ነው። ሶ፣ ትራፐሩን አሁኑኑ ኮል ላድርገው?»

«አውሬ ያሸነፈኝ ቀን ትደውላለህ።»

«አሸንፎዎታል እኮ፣ አባባ። ማለቴ... ለጊዜው።»

ሐሙስ ጠዋት ለአሥራ ሦስተኛ ጊዜ ወረድኩ። የዚያ አገር አፈር ዋልካ ነው፤ እግር ይዞ አይለቅም። ጎንበስ ብዬ አንዱን እንጨት ስመዝ፣ አውሬው ቅርፊቱን ልጦ በልቶት፣ ነጩ ግንድ ረጥቦ ሸተተኝ። የተላጠ አኻያና የረጠበ ጭቃ ነበር። መንሹን አስቀምጬ እዚያው ጭቃው ላይ ተቀመጥኩ። የስምንት ዓመት ልጅ ሆንኩ።

ወሎ ውስጥ፣ ቆላ ቀመስ በሆነ ሸለቆ ነው ያደግሁት። ሰፈሩ ሁለት ነው፤ የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር። እኛ የላይ ነን። መካከላችን የሚወርደውን ወንዝ በየዓመቱ ክረምት ሲወጣ በድንጋይ፣ በአኻያ ቅርንጫፍና ሣር ባለው አፈር እንጠልፈዋለን፤ ውሃው በቦይ ወደ በርበሬ ማሳችን ይገባል። ከሦስት እጅ አንዱ ደግሞ በጠለፋው ላይ አልፎ ለታች ሰፈር ይወርዳል። ይህ ከአያት ከቅድመ አያት የመጣ ደንብ ነው። ደንቡን የሚያስከብረው፣ ተራ የሚያወጣው፣ የሚቀጣውም የውሃ አባት የሚባለው ሰው ነው። በእኔ ጊዜ የውሃ አባቱ አያ ይመር ነበር።

አያ ይመር ረጅም፣ ከሲታ፣ አንድ ዓይኑ የደበዘዘ ሰው ነው። ሲናገር ድምፁን አያነሣም። እሱ ሲያልፍ ውሃው ዝም የሚል ይመስለኝ ነበር፤ ስለዚህ ውሃ ጆሮ አለው ብዬ አምን ነበር። ውሃ ቀኑን ሙሉ ሮጦ ሲመሽ ቦዩ ውስጥ ተኝቶ የሚያድርም ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ጠየቅሁት።

«አያ፣ ውሃ ሲተኛ ያንኮራፋል?»

«የሚያንኮራፋ ውሃ ሌባ አለበት» አለኝ። «ስትሰማ ንገረኝ።»

ሥራዬን ያገኘሁት በዚህ ነው። ሌሎቹ ልጆች ጠለፋው ሲያፈስ የሚያውቁት ዓይናቸው ሲያይ ነው። እኔ ግን ዓይኔን ጨፍኜ፣ በሆዴ ድንጋዩ ላይ ተኝቼ፣ ክር የምታህል ቀዳዳ የት እንዳለች በጆሮዬ አውቅ ነበር። ማንም አላስተማረኝም። ሰምቼ እሮጣለሁ፤ የአኻያ ቅጠል ጠቅልዬ እወትፋለሁ፤ በላዩ ጭቃ እመርጋለሁ፤ በተረከዜ እረግጣለሁ። ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ አያ ይመር ይመጣና ጠለፋውን ከዳር እስከ ዳር ያየዋል። ከታች ሰፈር ድርሻ ሌላ የሚያፈስ ካጣ እጁን ራሴ ላይ ያሳርፋል።

«ጆሮህ ይባረክ። ጠብታ አላለፈችም።»

ለዚህች ቃል ስል ቆዳዬ እስኪሸበሸብ ውሃ ውስጥ እውል ነበር።

በዚያ ዓመት ክረምቱ ቶሎ ወጣ። በጥር ወንዙ ከስቶ አጥንቱ ታየ። የላይ ሰፈር ሰዎች ትልቁ ዋርካ ሥር ተሰበሰቡ። ከሁሉ የሚበልጥ የበርበሬ ማሳ ያለው አያ እንድሪስ ተነሥቶ ተናገረ።

«ዘንድሮ ለታች የሚወርድ ውሃ የለም። ለራሳችንም አልበቃን።»

አያ ይመር «ደንቡስ?» አለ።

«ደንቡ የተሠራው ውሃ ላለበት ዓመት ነው።»

ብዙ ተነጋገሩ። በመጨረሻ አያ ይመር አንገቱን ደፋ። ጠብታ እንዳታልፍ ተባለ፤ አንድ ጠብታ ካሳለፈ ደግሞ የውሃ አባትነቱን እንደሚነጥቁት በፊቱ ነገሩት። ታች ሰፈር እህቱ እንዳለች ሁሉም ያውቃል። የእኔም አክስት ዘሀራ እዚያው ነበረች፤ ባሏ ሞቶባት፣ ሦስት ልጅ ይዛ፣ አንዲት ጠባብ የበርበሬ ማሳ ታርሳለች። እኔ ግን ልጅ ነኝ። የሰማሁት «ጠብታ እንዳታልፍ» የሚለውን ብቻ ነው፤ ይህ ደግሞ የእኔ ሙያ ነው። ሰፈሩ በሙሉ ስለ እኔ የተሰበሰበ መስሎኝ ደረቴን ነፋሁ።

በሳምንቱ ጁምዓ ቀን ወንዱ ሁሉ መስጊድ ሄደ። ጁምዓ አምልጦት የማያውቀው አያ ይመር ግን ወደ ጠለፋው መጣ፤ በአህያ ሦስት አሮጌ የንብ ቀፎ ጭኗል። ከግንድ የተቦረቦሩ፣ ረጃጅም፣ ንብ ጥላቸው የሄደች ቀፎዎች ናቸው።

«አያ፣ ይህ ለምንድን ነው?»

«ለንብ።»

«ውሃ ውስጥ?»

ዘወር ብሎ በደህናው ዓይኑ አየኝ። «የውሃ ንብ አታውቅም?»

አላውቅም ማለት አልወድም ነበር፤ ዛሬም አልወድም። «አውቃለሁ» አልኩ።

«እንግዲያው ጭቃ አቡካ።»

አቦካሁ። እበት ጨመርኩበት። ጠለፋውን ከሥሩ ከፍቶ ቀፎዎቹን ጫፍ ለጫፍ አጋጥሞ አስተኛቸው፤ መጋጠሚያቸውን እኔ ነኝ የመረግሁት። አንዱ ጫፍ ከላይ ጥልቁ ውሃ ውስጥ ገባ፤ ሌላው ከታች ደንገሉ መካከል ተደበቀ። ደንገሉ የጂኒ ሰፈር ነው ስለሚባል ማንም አይገባበትም። የላይኛውን ጫፍ በክዳኑ ዘጋው። ከዚያ ጠለፋውን መልሰን ደፈንነው።

«ንቦቹ መቼ ይመጣሉ?»

«አንተ ቤትህ ስትገባ። የውሃ ንብ ሰው ካየባት ትሰደዳለች። ለአባትህም እንዳትነግር።»

ለማንም አልተናገርኩም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ደንገሉን ሳይ የሚያብረቀርቅ ክንፍ ያላቸው ሰማያዊ ንቦች ይታዩኝ ነበር። ማራቸው ምን ዓይነት ይሆን እያልኩ አስባለሁ። ቀጭን ይሆናል፣ እንደ ውሃ ይጠጣል ብዬ ወሰንኩ።

ሥራዬንም አበረታሁ። ጠለፋው ላይ የምትሰማ ጉርምርምታ አልነበረችም። ከጠለፋው በታች ያለው ድንጋይ ደርቆ ነጣ፤ እንሽላሊት ፀሐይ ይሞቅበት ጀመር። አያ ይመር ማታ ማታ ይመጣል፤ እጁን ራሴ ላይ ያደርጋል። «ጆሮህ ይባረክ። ጠብታ አላለፈችም።»

በየካቲት እናቴ ወደ አክስቴ ዘሀራ ጥሬ እንዳደርስ ላከችኝ። የእሷን በርበሬ ደርቆ አገኘዋለሁ ብዬ፣ ምን ብዬ እንደማጽናናት እያሰብኩ ነው የወረድኩት። በርበሬው ለምልሟል። ቅጠሉ ከእኛ ይበልጣል።

«አክስቴ፣ ያለ ውሃ እንዴት ለመለመ?»

እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች። «አንተ ጠለፋህን አጥብቀህ ያዝ» አለችኝ። «የእኛን አላህ ያውቃል።»

ስለዚህ የታች ሰፈር በርበሬ ውሃ የማይፈልግ ሌላ ዘር ነው ብዬ ደመደምኩ። ይህንንም ለጓደኞቼ በእርግጠኝነት አስተማርኩ። ወሬው ተስፋፍቶ አያ እንድሪስ ጆሮ ገባ።

አያ እንድሪስ እንደ እኔ አልደመደመም። በማግስቱ ሰባት ስምንት ሰው አስከትሎ ወደ ጠለፋው መጣ። አባቴም አለ። ዱላ የያዙ ነበሩ። በጠለፋው ላይ ተመላለሱ፤ ደረቁን ድንጋይ ዳሰሱ፤ ደንገሉ አጠገብ ሲደርሱ ቆሙ። ቀትር ነበርና ማንም አልገባም።

«ይመር» አለ አያ እንድሪስ፣ «ታች በርበሬ ለምልሟል። ውሃ ሰጥተሃል።»

«ጠለፋው ይኸው። የምታፈስ ቀዳዳ አሳየኝ።»

«ማልልን።»

አያ ይመር ዝም አለ። ከዱላዎቹ አንዱ ድንጋይ ሲመታ ሰማሁ። ያን ጊዜ እኔ መካከል ገባሁ። ማንም አልጠራኝም። በሥራዬ የመጡብኝ መስሎኝ ነበር።

«ወላሂ ጠብታ አላለፈችም» አልኩ። «ቀኑን ሙሉ እዚህ ነኝ። ወላሂ!»

ሰዎቹ ተያዩ። ጆሮዬን ሁሉም ያውቃታል። አንዱ ሳቀ፤ «ይህ ልጅ ካለ ጉንዳንም ውሃ አታገኝም» አለ። አባቴ መሬት መሬት ያያል። አያ እንድሪስ ደንገሉን አየ፣ ፀሐዩን አየ፣ ተመልሶ ሄደ። ሌሎቹም ተከተሉት።

እኔ ምስጋናዬን ጠበቅሁ። አያ ይመር ግን እጁን ራሴ ላይ አላደረገም። ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ፊቱን በፎጣው ሸፈነ። ያስቀየምኩት መሰለኝ።

በማግስቱ እናቴ የላከችለትን ቂጣ ሰጠሁት፤ አልበላም። በሁለተኛውም ቀን አልበላም። በሦስተኛው ቀን ከንፈሩ ደርቆ ሳየው «አያ፣ ተጣላኸኝ?» አልኩት።

«ከአንተ ጋር አይደለም። የምከፍለው ነገር አለብኝ።»

ምን እንደሆነ አልገባኝም። ቤቱ እህል ያለቀ መስሎኝ ከእናቴ ጎታ አንድ ጭብጥ ጥሬ ሰርቄ ደጁ ላይ አስቀመጥኩለት። በአራተኛው ቀን በላና እጁን ራሴ ላይ መለሰ። ለእኔ ነገሩ በዚህ አለቀ።

በርበሬው ሲለቀም አክስቴ ዘሀራ ከማሳዋ የመጀመሪያውን ቀይ በርበሬ በገመድ ሰክታ አንገቴ ላይ አጠለቀችልኝ። «ለውሃ ጠባቂው» ብላ ሳቀች፤ ሳቋ እንባ አመጣባት። የታች ሰፈር ሴቶችም ሳቁ። በእኔ የኮሩ መስሎኝ በርበሬውን አጥልቄ በላይ ሰፈርም በታች ሰፈርም ዞርኩ። ዓይኔን ስጠርግበት ያቃጠለኝን አልረሳም።

የውሃ ንብ የሚባል ነገር እንደሌለ ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። አያ ይመር ለልጅ ያወራው ተረት ነው ብዬ ተውኩት። ጠብታ ያላሳለፍኩበትን ዓመት ግን አልተውኩም። ከስድሳ ዓመት በላይ፣ በሠርግም በለቅሶም፣ እዚህ አገር ስንገባ በተከራየነው፣ ቪከሪ ሜዶ በሚባል ሰፈር ባለው የመጀመሪያ አፓርትመንታችን ውስጥ ጎረቤት ሲሰበሰብም፣ ወላሂ እያልኩ አውርቼዋለሁ። ጀማል በቃሉ ያውቀዋል።

ያው ሐሙስ ከሰዓት ጀማል ከመንገድ ገባ። አብራው አንዲት ወጣት ነበረች፤ የዱር እንስሳትን ከሚከታተል መሥሪያ ቤት ለምኖ ያመጣት ናት። ቦት ጫማዋ ከእኔ ጫማ የባሰ ጭቃ ስለነበረበት ወደድኳት። ያፈረስኩትን ግድብ አይታ አንገቷን ነቀነቀች። እሷ ትናገራለች፣ ጀማል ይተረጉማል።

«አባባ፣ ባፈረሱት ቁጥር ይብስበታል ትላለች። እንስሳው የሚሠራው በጆሮው ነው። ውሃ ሲወርድ ከሰማ ሳይደፍን አያድርም።»

«ይህንን እኔም አውቃለሁ» አልኩ። እውነቴን ነው፤ ከማንም በላይ አውቃለሁ።

«ሶ፣ ማፍረሱን ይተዉ ትላለች። ግድቡን ከሥሩ ከፍተን ረጅም ቧንቧ እናስተኛለን። አንዱ ጫፍ ጥልቁ ውሃ ውስጥ ይገባል፣ ቢቨሩ እንዳይደፍነው በሽቦ ቅርጫት ይሸፈናል። ሌላው ጫፍ ራቅ ብሎ ይወጣል። ውሃው ድምፅ ሳያሰማ ይሄዳል። ቢቨሩ ከላይ ግድቡን እየጠገነ...»

ጀማል አቆመ። «አባባ? ምን ሆኑ?»

እኔ የኩሬውን ዳር ይዤ ቆሜ ነበር። ሦስቱ ቀፎዎች ታዩኝ። ጫፍ ለጫፍ ተጋጥመው፣ እኔው በመረግሁት ጭቃ ተያይዘው። ክዳኑ ያን ቀን እኔ ቤት ስገባ ተከፈተ፤ ከዚያ ወዲያ አልተዘጋም። በየማታው እጁ ራሴ ላይ ሲያርፍ፣ በእግሬ ሥር የታች ሰፈር ሲሶ ድምፅ ሳያሰማ ያልፍ ነበር። የምከፍለው ነገር አለብኝ ያለበት ሦስት ቀን ደግሞ፣ በሐሰት የማለ ሰው የሚጾመው ሦስት ቀን ነው። እሱ አልማለም፤ አፉን ያዘ እንጂ። የማልኩት እኔ ነኝ፤ የጾመው እሱ። ሕግ የሚያውቁ ሰዎች ልጅ መሐላ የለበትም፣ ጾሙም ለሌላ አይደርስም ይሉ ይሆናል። አያ ይመር ግን መሐላው ከእሱ ቀፎ እንደመጣ ያውቃል።

«ምንም አልሆንኩም» አልኩት። «ቧንቧውን አምጣ። እንዴት እንደሚጣል እኔ አሳያችኋለሁ።»

አሳየኋቸውም። ልጅቷ የጫፉን ከፍታ ለካች፤ የቀረውን ግን መሬት ስር ሳይነቃነቅ እንዲተኛ ያደረግሁት እኔ ነኝ። ዓርብ ቀኑን ሙሉ ሠራን። ቅዳሜ ጠዋት ውሃው ከአጥሩ አንድ እርምጃ፣ ከሴፕቲኩ ሁለት እርምጃ ሸሽቶ ዋልካው መሰንጠቅ ጀምሯል። ቢል መጥቶ አጥሩ ላይ ተደገፈ። ግድቡን አየ፤ ሙሉ ነው። ኩሬውን አየ፤ ጎድሏል።

«ይህን ማን አስተማረህ?» አለኝ።

ማንም አላስተማረኝም የሚለው ቃል ከምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር፤ ሰባ ዓመት የተለማመድኩት ቃል ነው።

«ይመር የሚባል ሰው» አልኩ።

«መሐንዲስ ነው?»

«ንብ አርቢ ነው።»

ቢል ምንም አልገባውም። ወጥመዱን ግን አስቀረው።

ከሰኞ ጀምሮ ሦስት ቀን ጾምኩ። ጀማል ከመንገድ ደውሎ ምሳ እንዳልበላሁ ሲሰማ «አባባ፣ ረመዳን ገና ነው እኮ» አለኝ። የቆየ ዕዳ ነው አልኩት። በስንት ሠርግ ላይ ወላሂ እንዳልኩ ሳስበው ሦስት ቀን ያንሰዋል፤ ግን እኔ ሽማግሌ ነኝ፣ አላህም ያውቃል።

ረቡዕ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ከማፍጠሬ በፊት ወደ ኩሬው ወረድኩ። ቢቨሩ ሥራ ላይ ነበር። የአኻያ ቅርንጫፍ በአፉ ይዞ መጣ፤ ቀዳዳ በሌለበት ወተፈው፤ ጭቃ አምጥቶ ደረበበት፤ በሁለት እጁ ደጋግሞ ጠቀጠቀው። ከዚያ ጆሮውን ቀጥ አድርጎ አዳመጠ። ምንም አልተሰማውም። ደረቱን የነፋ መሰለኝ።

ከእግሩ ሥር ውሃው በዝምታ ይሄድ ነበር።

እጄን ዘርግቼ ራሱ ላይ ባሳርፍ ወደድኩ፤ ግን ጥርሱን አውቀዋለሁ። ካለሁበት ሆኜ ነገርኩት።

«ጆሮህ ይባረክ። ጠብታ አላለፈችም።»